ዝናብ ከመስታወቱ ላይ እንዲንከባለል

የመኪና መስታወት ላይ ስለሚቀባው ውሃ ገፊ ቅባት የሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው የትኛው ጠርሙስ ይሻላል የሚለውን ነው። እኔ ግን ከጽዳቱ እጀምራለሁ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ቅባቱ ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ከመስታወቱ ጋር በቀጥታ መያያዝ አለበት፤ በመካከል ዘይት፣ ሰም ወይም የነፍሳት ቅሪት ካለ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ የፊት መስታወቱን በሳሙና አጥባለሁ፣ የደረቀ ጠብታ የተወውን ነጭ ምልክት በኮምጣጤ አስለቅቃለሁ፣ በመጨረሻም በአይሶፕሮፒል አልኮል እወለውለዋለሁ። እጅዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው መስታወቱን ይዳብሱት፤ ከሻከረዎት ገና አልጸዳም።

የምቀባው ጥላ ውስጥ፣ መስታወቱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ነው። ፀሐይ ላይ ሳይዳረስ ይደርቅና ዥንጉርጉር ይሆናል። ጥቂቱን በማይክሮፋይበር ጨርቅ አድርገው ቦታውን እየከፋፈሉ በክብ ያሹት። ሲደርቅ የሚታየውን ስስ ጉም በንጹሕ ጨርቅ ጨርሰው ይወልውሉ። እባክዎ ይህን ቸል አይበሉ፤ የቀረው ቅባት ማታ የሚመጣውን መብራት በትኖ ዓይን ያጥበረብራል። ከዚያ አንድ ዙር ይድገሙት።

ስፖኪዮውንና የጎን መስታወቶቹን አይርሱ፤ መጥረጊያ የላቸውም።

መጥረጊያው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ያጽዱት።

ይህን ቅባት በውስጥ በኩል ፈጽሞ አልቀባም። እንፋሎት በጥቃቅን ጠብታ ተሰብስቦ እይታን ይጋርዳል። ለውስጡ ጉም መከላከያ ሌላ ነው፤ እሱ ውሃውን በስሱ ዘርግቶ ያስተኛዋል።