በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ከዘመድ ጋር ረጅም የመኪና ጉዞ ሲያቅዱ

ለብዙ ዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት መኪና ውስጥ ሲገቡ ብዙውን ነገር ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። መስኮት መቼ እንደሚከፈት፣ መንገዱን ማን እንደሚመራ፣ አንዳቸው ዝምታ ሲፈልጉ በምን እንደሚታወቅ የቆየ ልማድ ወስኖታል። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ግን፣ ያ ሰው እህትም ትሁን የወንድም ልጅ፣ ይህ ያልተጻፈ ውል በቃል መነገር ይኖርበታል፤ አዲሱ ተጓዥ አያውቀውምና። ከዘመድ ጋር ወጥተው ተኳርፈው የተመለሱ ሰዎች ታሪካቸውን ሲነግሩኝ፣ የጥፋቱን ሥር ብዙ ጊዜ የማገኘው ቤት ሳሉ ሳይነሣ በቀረ ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከንግግር ቢጀምር እመርጣለሁ፤ መኪናው ቆይቶ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘመዱ የሚመጣው ምን ሆኖ ነው የሚለው ነው። «አብሮን ይመጣል» ሲባል ሾፌር፣ ረዳት ወይም እንግዳ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጋባዦቹ አንዱን አስበው ተጋባዡ ሌላውን ከተረዳ ቅሬታው ገና በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። የወንድምዎን ልጅ የጠሩት መሪውን እንዲይዝልዎ ከሆነ ይህንንና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዳ ሲጋብዙት ይንገሩት፤ ለመዝናናት የተጠራ መስሎት የመጣ ሰው በሦስተኛው ቀን ራሱን ያለ ደመወዝ የተቀጠረ ሾፌር ሆኖ ሲያገኘው ቢከፋው አይፈረድበትም። የሚመጡት የባለቤትዎ ታላቅ እህት ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንክብካቤ የሚሹት ሦስት ይሆናሉና ሻንጣ የሚያነሣው ማን እንደሆነ ሳይቀር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ዘመዱ ማንም ይሁን ማን፣ በየሁለትና ሦስት ቀኑ እሱ ግማሽ ቀን ብቻውን የሚሆንበት፣ እርስዎና ባለቤትዎም ለብቻችሁ የምትሆኑበት ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

ገንዘብን ማንሣት በዘመድ መካከል ያሳፍራል፤ ቢሆንም ከመነሻው ብዙ ቀደም ብሎ መነሣት አለበት። በእኔ አስተያየት ቀላሉ መንገድ የጋራ ቦርሳ ነው፦ ሦስቱም እኩል ያዋጣሉ፣ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ነዳጁም የመንገድ ክፍያውም ከዚያ ይከፈላል፣ ሲያልቅ እንደገና ይዋጣል። የማደሪያ ወጪን ለሦስት መካፈል ግን ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ጥንዶቹ አንድ ክፍል ሲጋሩ ሌላው ሰው ሙሉ ክፍል ለብቻው ይይዛልና ድርሻው በስምምነት ይወሰን። ወጪ ለመቀነስ ሦስቱም በአንድ ክፍል ይደሩ ከተባለ ማንኮራፋትና ሌሊት ለሽንት መነሣት ሳይደበቁ ይነገሩ። ዘመዱ በመንዳቱ ምክንያት ወጪው በእናንተ የሚሸፈን ከሆነም ይህ በግልጽ ይባል፤ በአሽከርካሪው ጥፋት የሚመጣ ቅጣትና የመኪናው ጥገና በማን እንደሚከፈልም አብሮ ይወሰን።

ከዚህ ቀጥሎ ሰነዶች ይታያሉ። የመኪናው መድን ሌላ ሰው ሲነዳ ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ፣ ካልሆነም መድን ሰጪውን ጠይቁ፤ ዘመዳሞች መሆናችሁ ብቻውን ሽፋን አያስገኝም። ኪራይ መኪና ከሆነ የሚነዱት ሰዎች ሁሉ ስማቸው በውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል። በብዙ አገሮች በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪዎች መንጃ ፈቃድ በአጭር ጊዜ ልዩነት ስለሚታደስ ማብቂያ ቀኑን ከአሁኑ ይመልከቱ።

የቀኑ ርዝመት

የዕቅዱ እምብርት በቀን ስንት ሰዓት ይነዳል የሚለው ነው፤ ልኩም መወሰን ያለበት ከሦስቱ ቶሎ በሚደክመው ሰው አካል ነው። ካርታ የሚነግረው የመኪናውን ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ሰዓት የተባለውን መንገድ ለሽንት፣ ለነዳጅና ለእግር ማፍታቻ መቆሚያ ጨምሮ ቢያንስ እንደ ሰባት ሰዓት ቁጠሩት። ሁለቱ ከሰባ ዓመት ያለፉ ለሆኑበት ቡድን በቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት መንዳት በቂ ይመስለኛል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ከቶ መኪና የማይነሣበት ቀን ይኑር።

በየሁለት ሰዓቱ መቆም የአሽከርካሪው ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ባሉ ጥልቅ የደም ሥሮች ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ሲሠራ ስለሆነ በየፌርማታው ሦስቱም ወርደው ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፤ መኪናው እየሄደ ሳለም ተሳፋሪዎቹ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ካንሰር ያለበት ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

መጸዳጃ ቤት የት እንደሚገኝ ያልታወቀ እንደሆነ አረጋውያን ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የማይወራ ችግር ነው። ዕድሜ ሲጨምር የጥማት ስሜት ራሱ ስለሚደክም ሰውነት ሳይታወቅ ይደርቃል፣ ከዚያም ከመኪና ለመውረድ ሲነሡ ራስ ያዞራል፣ መውደቅም ይከተላል። መፍትሔው በካርታው ላይ መጸዳጃ ያላቸውን መቆሚያዎች አስቀድሞ ምልክት ማድረግና ውኃውን በመጠኑ እየተጎነጩ መሄድ ነው። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጉዞ ቀን የመውሰጃ ሰዓቱን መለወጥ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አይዝለለው። ሲወርዱም በሩን ከፍቶ ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አሳርፎ ጥቂት ተቀምጦ መቆየት፣ ከዚያ መነሣት ይሻላል።

ማለዳ ተነሥቶ ከመምሸቱ በፊት መድረስ የማይታጠፍ ደንብ ይሁን። በስድሳ ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ ዓይን በደብዛዛ ቦታ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያስገባው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው፤ ከፊት በሚመጣ መኪና መብራት ከተመታ በኋላም ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንቅልፍ የሚበረታው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋትና ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ወጣቱ ዘመድም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለአሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የመንዳት ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ከፍ ማድረግ ሾፌሩን የነቃ ያስመስሉታል እንጂ እንቅልፉን አይወስዱለትም፤ የሚረዳው አስተማማኝ ቦታ አቁሞ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ወይም መሪውን ለሌላ ማስረከብ ነው።

ማን ይነዳል፣ ማን የት ይቀመጣል

ከሁሉም ከባዱ ንግግር ዕድሜ ልካቸውን የነዱት ባል አሁንም ይንዱ ወይ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በክርክር ለመፍታት መሞከር ዋጋ የለውም። ከጉዞው አንድ ወር አስቀድሞ ሦስታችሁም ግማሽ ቀን የሚወስድ የሙከራ ጉዞ አድርጉ፤ ዘመዱ ጋቢና ተቀምጦ ሲታጠፉ ከመስመር ይወጡ እንደሆነ፣ ምልክቶችን ዘግይተው ያዩ እንደሆነ፣ አንገታቸው ወደ ጎን ለመዞር ይቸገር እንደሆነ ያስተውል። ያየውን ለብቻቸው፣ በአክብሮት ቢነግራቸው በሚስታቸው ፊት ከመናገር ይቀላል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የአንድ ሰከንድ መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ከቁጥሩ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መካከለኛ መንገድ፣ ባል ማለዳ ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲነዱ ዘመዱ ከተማ ውስጥና ደመና ወይም ዝናብ ሲሆን መረከቡ ነው። መንገድ የሚመራው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ተጨማሪ ትእዛዝ ሾፌሩን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም።

አቀማመጥን በተመለከተ መኪና ሆዱን የሚያውከው ሰው ከፊት ተቀምጦ አሻግሮ ሩቅ ይመልከት። ለማቅለሽለሽ ተብለው በቀላሉ የሚሸጡ አንዳንድ ክኒኖች በአረጋውያን ላይ ድብታና ግራ መጋባት ሊያመጡ፣ የፕሮስቴት ችግር ባለበት ሰው ላይም ሽንት ሊያግዱ ስለሚችሉ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይወሰዱ። የደህንነት ቀበቶው የታችኛው ክፍል በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ አይረፍ፤ አሽከርካሪው ደግሞ ከደረቱ እስከ መሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑረው። የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የሞተርና የጎማ ድምፅ ንግግሩን ሁሉ ይውጥበታል። የባለቤቴ አጎት አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም ሲሉ ተቀይመው መስሎን ስንጨነቅ ቆየን፤ ለካ የምንለው አንዱም አይሰማቸውም ነበር።

መድኃኒትና ጓዝ

መድኃኒት ከሻንጣ ጋር ከኋላ አይጫን፤ ከሰው ጋር ይሁን። ከጉዞው ቀናት በላይ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ትርፍ ይያዝ፣ ከነማሸጊያው ይቀመጥ፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና የአለርጂ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለዘመዱ ይሰጥ፤ አደጋ ቢደርስ ለሐኪም መልስ የሚሰጠው እሱ ሊሆን ይችላልና። የውጪው ሙቀት 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ሲኖርበት በጥቅም ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጣል፤ በረዶ በቀጥታ እንዳይነካውም ይጠበቅ፣ ከቀዘቀዘና ከጠጠረ በኋላ አይሠራምና። ለድንገተኛ የደረት ሕመም የተሰጠ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ክኒን ካለ ያለበትን ቦታ ሦስቱም ይወቁ።

መኪናው ከመነሻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ጋራዥ ይግባ፤ ብልሽት ቢገኝ ለመጠገን ጊዜ እንዲኖር። ፍሬን፣ ባትሪ፣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውኃና የዝናብ መጥረጊያ ይታዩ። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ሲሆን፣ ልኩ የሚገኘው በአብዛኞቹ መኪኖች በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ካለው ሰሌዳ ነው፤ ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ሦስት ሰውና ጓዛቸው ሲጫን ሰሌዳው ለሙሉ ጭነት የሚያዘውን ይሙሉ። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ በጎኑ ላይ «DOT» ብሎ የሚጀምረውን መለያ የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 3521 ቢሆን በ2021 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ትርፍ ጎማውም በዚሁ ዓይን ይመርመር፤ ሳይነካ ስለኖረ አዲስ መስሎ ይታያል። ከባድ ሻንጣ ከታች፣ ወደ ወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ ይጫን፤ ምርኩዝና ባለ ጎማ መደገፊያ ግን በመጨረሻ ይጫኑ፣ በየፌርማታው ቀድመው የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

በመጨረሻም ጉዞው ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ሳይወጡ ተስማሙ። ከሦስቱ አንዱ ሊቀጥል ባይችል የሚመለስበት የሕዝብ ማመላለሻ ከየትኛው ከተማ እንደሚገኝ፣ ወጪውም ከጋራ ቦርሳው መሆኑን ጻፉት። በየምሽቱም ካርታውን ዘርግታችሁ የነገውን መነሻ ሰዓት፣ ሁለቱን ዋና መቆሚያዎችና ቀድሞ የሚነዳውን ሰው ወስኑ፤ «ነገ አልችልም» ያለ ሰው ካለ ምክንያቱን ሳትጠይቁ የማደሪያውን ክፍል አንድ ቀን ጨምራችሁ ያዙት።