ሴቬ ጠፋ! የድሮ አርፒጂ ጌሞች ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። አብዛኛው ደንበኛዬ ኳስ ተጫዋች ነው። እሁድ ጠዋት ግን፣ ቤቱ ገና ጭር እንዳለ፣ የራሳቸውን ሚሞሪ ካርድ (ሴቩ፣ ማለትም ጌሙ የደረሰበት፣ የሚቀመጥበትን) በኪሳቸው ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። የአርፒጂ ልጆች፣ ጀግና እያሳደጉ ረጅም ታሪክ የሚጨርሱበትን ጌም የሚወዱ። እነሱ ጎል አይቆጥሩም፣ ሌቭል ነው የሚቆጥሩት። ዓለም ልትጠፋ አንድ ቀን ሲቀራት ጀግናውን ዶሮ ሲያስጋልቡት ይውላሉ፣ ሰው ቤት ዘው ብለው ገብተው ማሰሮ ሁሉ ይፈትሻሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው ይስቁበታል። በጣም እወዳቸዋለሁ። ይህን የጻፍኩት ለእነሱና እንደነሱ ላሉት ነው። ገመዱ መሰካቱን፣ ቲቪው ኤቪ ላይ መሆኑን፣ ሲዲው አለመጫሩን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ

የአሜሪካ ወይም የጃፓን ጌም ፓል በሚባለው ከለር ሲስተም ብቻ በሚሠራ ወይም እሱ ላይ በተቀመጠ አሮጌ ቲቪ ስታስነሱ የሚመጣ ነው። ጌሙም ማሽኑም ደህና ናቸው። የቲቪውን ከለር ሲስተም ወደ አውቶ መልሱት፤ እምቢ ካለ ቲቪ ቀይሩ።

ቪዲዮው ይንተባተባል፣ ጌሙ ግን ይሠራል

ፕሌይስቴሽን 2ን በፍላሽ የሚጫወት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የማሽኑ ዩኤስቢ 1.1 ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። ዲስኩ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ፋይናል ፋንታሲ 10 መግቢያው ላይ ድምፁ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ውድ ፍላሽ ብትገዙ ለውጥ የለውም፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ወፍራሙ ማሽን ካላችሁ ኔትወርክ አዳፕተር ፈልጋችሁ ሃርድ ዲስክ አስገቡለት፤ ስሊም ከሆነ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር አጫውቱት። ጌሙ ጨርሶ አልነሳም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተበጣጥሶ ተቀምጦ ነው። ፍላሹን ባዶ አድርጉና ጌሞቹን አንድ በአንድ ገልብጡ።

«ዲስክ 2 አስገባ» ይላል፣ ዲስክ 2 የለም

ፋይናል ፋንታሲ 7 (1997) 3 ዲስክ ነው። 8ኛውና 9ኛው 4፣ 4 ናቸው። ይህን የማያውቅ ወይም ማወቅ የማይፈልግ ሻጭ የመጀመሪያውን ብቻ ኮፒ አድርጎ በላስቲክ ከትቶ ይሸጣል። ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል። ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ አንድ ልጅ ከ7ኛው ጀግኖች አንዷ ኤሪስ ስትሞት ጌሙ ያለቀ መስሎት ነበር። የመጀመሪያው ዲስክ የሚያልቀው እዚያው ላይ ነዋ! ጠላትየው ሴፊሮት ወጋት፣ ዋናው ጀግና ክላውድ ውሃው ውስጥ አስገባት፣ ዲስክ ቀይር የሚል ጽሑፍ መጣ። ልጁም አልቅሶ ማሽኑን አጠፋ። ቆይቶ እኔ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው፦ «ብራዘር፣ ቦርሳው ውስጥ ፊኒክስ ዳውን ሞልቶ ለምን አላስነሷትም?» ፊኒክስ ዳውን ጦርነት ላይ የወደቀን ጀግና የሚያስነሳ ዕቃ ነው። የዓለም ተጫዋች ሁሉ ከ1997 ጀምሮ እየሳቀ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንም ሳይነግረው ብቻውን ደረሰበት። የቀሩትን ሁለት ዲስኮች ሰጠሁት። እሷን የማስነሻ ምስጢር አለ የሚል ወሬ ከሰማችሁ ግን አትመኑ፣ የለም።

ስትገዙ ዲስክ ቁጠሩ። በኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ከሆነ ጌሙን አትዝጉ፤ ሜኑው ውስጥ ዲስክ መቀየሪያ አለ። ከመቀየራችሁ በፊት ሴቭ አድርግ ሲላችሁ አድርጉ።

ሴቩ ጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ኳስ ተጫዋች ሴቩ ሲጠፋ ይናደዳል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። የአርፒጂ ልጅ ግን ወራት ነው የጠፋበት። ታዲያ ብዙ ጊዜ ሴቩ በራሱ አልጠፋም። ባለቤቱ ደንግጦ አንድ ቁልፍ ሲጫን ነው የጠፋው። ስለዚህ ሴቫችሁን ካጣችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ከጆይስቲኩ ላይ አንሱ።

ፕሌይስቴሽን 2 ካርዱን አጥርቶ ማንበብ ሲያቅተው «ካርዱ ፎርማት አልተደረገም፣ ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የስንቱን ልጅ ልፋት በልቷል! ማሽኑ ካርዱ ባዶ ነው እያላችሁ አይደለም። አላየሁትም ነው እያለ ያለው። እሺ ካላችሁት ግን እውነትም ባዶ ያደርገዋል። አይሆንም በሉ። ማሽኑን አጥፉ። ካርዱን አውጡ። አፉ ውስጥ ወርቃማ መስመሮች አሉ፤ የኛ ሰፈር አቧራ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። በበጋ አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ሲኖትራክ ሲያልፍ የሚነሳው አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልሉ፣ አልኮል አስነኩት፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ምክንያቱን አገኛችሁት። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ መልሳችሁ ሰክታችሁ ከማሽኑ ሜኑ ግቡና እዩ። አሁንም ካልታየ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የጓደኛችሁ ማሽን ላይ። ፎርማት የመጨረሻው የመጨረሻ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው እህል አልቀምስ አለ ብለው ማሽኑን በፌስታል ይዘውልኝ መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ጠፋበትና ነው እንዲህ የሚሆነው?» አሉኝ። «እማማ፣ ልጁ ፎርማት የሚል ነገር ተጭኗል?» ስላቸው «እኔ ምን አውቄ፣ ሲያለቅስ ነቅዬ አመጣሁት» አሉ። በመንቀላቸው ልጁን አተረፉት። ካርዱን ስጠርገው ጥጡ ከሰል መሰለ። ስሰካው ድራጎን ክዌስት 8 ከ70 ሰዓት በላይ የተለፋበት ሴቭ ቁጭ ብሏል። ፎቶ አንስቼ በስልካቸው ላክሁለት።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ክረምት ከሆነ መናገርም አያስፈልግም። ግን ጥፋቱ ሁሌም የዝናቡ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ እናት እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስትሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ልጁ ደግሞ በዚያችው ሰከንድ ሴቭ እያደረገ ነው። የካርድ ቆጣሪ ሒሳብ ያለቀበትም አጋጥሞኛል። መብራት ሲሄድ እየተጻፈ ያለው ሴቭ ብቻ ነው በብዛት የሚበላሸው። ሌሎቹ ይተርፋሉ። ሰው ግን ያለችውን አንዲት ሴቭ ራሷ ላይ ደጋግሞ ስለሚጽፍ የሚተርፍለት ነገር የለም። ቢያንስ በሦስት ቦታ እያፈራረቃችሁ ሴቭ አድርጉ። አሮጌውን አትደምስሱ። ከቦስ (ከትልቁ ጠላት) በፊት አዲስ ቦታ ላይ፣ ከከተማ ስትወጡ ሌላኛው ላይ። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከተገኘ ማሽኑንም ቲቪውንም እሱ ላይ ስኩ፤ ሴቭ ለማድረግ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ዩፒኤስ ከሌለ ደግሞ መብራት እንደሄደ ማሽኑን ከማከፋፈያው ንቀሉት። ተመልሶ ሲመጣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው የሚመጣው፣ ፓወሩን ያቃጥለዋል። ከጃፓን የመጣ 100 ቮልት ማሽን ካላችሁማ የኛ 220 ላይ በቀጥታ እንዳትሰኩት። እንዳትሰኩት! ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ምንም ነገር አትሰኩ።

ሦስተኛው ካርዱ ራሱ ነው። የፕሌይስቴሽን 2 ኦሪጅናል ካርድ 8 ሜጋባይት ነው። የፕሌይስቴሽን 1 128 ኪሎባይት ነው፣ በ15 ብሎክ የተከፈለ። ሰው ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስለው 64 ወይም 128 ሜጋባይት የሚል ስም የሌለው ካርድ ይገዛል። እነዚህን ስንት ጊዜ ቀብሬያለሁ። ለወራት ደህና ይሠራሉ፣ አንድ ጠዋት ባዶ ሆነው ይነሳሉ። ጥረጋም አያድናቸውም። አሮጌ ኦሪጅናል 8 ከአዲስ ስም አልባ 128 ይሻላል። ከተቻለ ሁለት ይኑራችሁ፣ ከማሽኑ ሜኑ ገብታችሁ በየጊዜው ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጡ። ማሽናችሁ ላይ ዩላውንች ኤልፍ የሚባለው ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ካለ ሴቩን ወደ ፍላሽ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር።

አራተኛው ሰው ነው። በጋራ ካርድ የሚጫወት አርፒጂ ልጅ የሚያለቅስበትን ቀን እየጠበቀ ነው። የኳስ ጌም ሴቭ ቦታ ይበላል፤ ካርዱ ሲሞላ ኳስ ተጫዋቹ የማያውቀውን ያጠፋል። «ይቺ ቢጫ ፀጉር ያላት ነገር ምንድን ናት?» ብሎ ክላውድን አጥፍቶ ቡድኑን ሴቭ ያደርጋል። ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ለአርፒጂ ልጆች የተለየ ካርድ አስቀምጡ፣ ስማቸውን በፕላስተር ላዩ ላይ ጻፉ።

የፕሌይስቴሽን 1 ጌም በ2 ማሽን ላይ እየተጫወታችሁ «ካርድ የለም» ካላችሁ ብልሽት አይደለም። የ1 ጌም የ2 ካርድ ላይ በቀጥታ ሴቭ አያደርግም። የ1 ካርድ ፈልጉ።

የመጨረሻው ቦስ ላይ ፍሪዝ አደረገ

ፋይናል ፋንታሲ 7 ላይ፣ ሴፊሮት ላይ ነው? ፍሪዝ አላደረገም። ሱፐርኖቫ የሚባለው ትልቁ ጥቃቱ ነው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በፕሉቶ፣ በሳተርን፣ በጁፒተር አልፎ ፀሐይ ድረስ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ አብጣ ምድርን ትውጣለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሦስቱ ጀግኖች ቆመዋል፣ ሴፊሮትም ተራው ሲደርስ ያንኑ ፀሐይ እንደገና ያፈነዳዋል። ቤቴ ውስጥ ይህ ሲመጣ ኳስ ተጫዋቹም ኳሱን ፖዝ አድርጎ ያያል፣ ሁሉም ይስቃል። አትፍሩት። ካላችሁ ጤና ላይ 15/16ኛውን ነው የሚወስደው፣ ብቻውን አይገድልም። ሪሴት ተጭኖ ሁለት ሰዓት የከሰረ ልጅ አይቻለሁና ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ቦሱ አልሞት አለ

ቦርሳችሁን ክፈቱ። ኤሊክሲር፣ ጤናን ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው መድኃኒት፣ አለ አይደል? «ለክፉ ቀን» ተብሎ ከመጀመሪያው ከተማ ጀምሮ ሲጠራቀም የኖረ። ክፉው ቀን ዛሬ ነው፣ ጠጡት። ጌሙን ጨርሶ ሙሉ ኤሊክሲር የተረፈው የአርፒጂ ተጫዋች በየአገሩ አለ፣ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

ስልክ ላይ

አሁን ብዙው ልጅ በስልክ ኢሙሌተር ነው የሚጫወተው። ሁለት ዓይነት ሴቭ አለ። አንዱ ጌሙ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ሌላው ስቴት ነው፣ ኢሙሌተሩ ጌሙን ባለበት ሰከንድ እንደ ፎቶ የሚያነሳው። ስቴት ብቻ የሚጠቀም ልጅ ኢሙሌተሩ አፕዴት ሲሆን አንዳንዴ ሁሉንም ያጣል። ይባስ ብሎ የድሮ ስቴት ሲከፍት በብዙ ኢሙሌተሮች ጌሙ ውስጥ ያለው ሴቭም አብሮ ወደ ድሮው ይመለሳል። ጌሙ ውስጥ ሴቭ አድርጉ፣ ስቴቱን ለአስቸጋሪ ቦታ ተውት። የጌሙን ፋይል ስም አትቀይሩ፤ ሴቩ ስሙን አይቶ ነው የሚገኘው። ፖኬሞን ኤመራልድ ወይም ፋየርሬድ «1ኤም ሰብ ሰርኪት ቦርድ አልተገጠመም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ሴቲንግ ውስጥ የሴቩን ዓይነት ፍላሽ 128ኬ አድርጉትና ጌሙን ከሥር አስነሱት።

ካሴቱ

ዲያስፖራ ዘመድ ያመጣላቸው የጌም ቦይ ካሴት ያላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፣ ችግሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር (1999) ውስጥ ሲአር2025 ባትሪ አለ። ሴቩንም ሰዓቱንም የሚይዘው እሱ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ባትሪው ሲሞት እየተጫወታችሁ ሁሉም ደህና ነው፣ ስታጠፉት ሴቩ ይሄዳል። ሩቢ፣ ሳፋየርና ኤመራልድ ላይ ግን ባትሪው አልቋል የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አትደንግጡ፤ ሴቩ በሌላ ቺፕ ላይ ነው፣ የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው። በፖኬሞን ሬድና ብሉ በጌሙ ስህተት የሚወጣውን ሚሲንግኖን አይታችሁ «ሴቬን በላው» የምትሉም አላችሁ። አይበላም። የሻምፒዮኖቹን መዝገብ ያበላሻል፣ ስድስተኛ ላይ ያለውን ዕቃችሁን ግን ያባዛላችኋል፣ ስለዚህ ደስ ይበላችሁ። ጌሙ ውስጥ ባለው መኪና ሥር ሚው የሚባለው ብርቅ ፖኬሞን አለ የሚባለው ደግሞ ውሸት ነው። እኔም እነግራችኋለሁ፣ እናንተም ሄዳችሁ መኪናውን ትገፋላችሁ፣ አውቃለሁ።

ካሴት ላይ አትትፉ፣ አትንፉም። ምራቅ መስመሩን ያዝገዋል። ባትሪ ስትቀይሩ በፕላስተር አታጣብቁ። ራቁቱን ባትሪ ላይም ካውያ አታሳርፉ፣ ሙቀቱ ይገድለዋል፤ የብረት ጆሮ የተበየደበትን ባትሪ ገዝታችሁ ጆሮውን በይዱ። ፕላሱና ማይነሱ የት እንደነበሩ ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱ። ባትሪው ሲነቀል ጎልድ ላይ ያለው ሴቭ እንደሚጠፋ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ አዲስ ጌም ጀምሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሴቩ ከሌለ ብየዳው አልያዘም፣ ድገሙት።