የሞኒታሪዝምን ታሪክ ለማጥናት ከየት መነሣት ይሻላል?

የዋጋ ንረት ዋና መነሻ የገንዘብ መጠን መብዛት ነው የሚለውን የኢኮኖሚ አስተሳሰብ፣ የሞኒታሪዝምን አመጣጥ ለማጥናት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካዊው ኢኮኖሚስት በሚልተን ፍሪድማን ይጀምራል፤ በእኔ አስተያየት ግን መነሻው ወደ ኋላ ራቅ ቢል ይመረጣል።

በመጀመሪያ የአንድን እህል መወደድ ከአጠቃላይ የዋጋ ንረት ይለዩ። መንዝ ላይ ውርጭ ገብሱን መትቶት በደብረ ብርሃን ገበያ የገብስ ዋጋ ቢሰቀል፣ ሞኒታሪስቶች ይህን ብቻውን የዋጋ ንረት አይሉትም፤ ሸማቹ ለገብስ ብዙ ባወጣ ቁጥር ለሌላው የሚተርፈው ስለሚያንስ፣ የገንዘቡ መጠን ካልጨመረ በቀር ሁሉም ነገር በአንድነት እየተወደደ ሊዘልቅ አይችልም ባዮች ናቸው።

ከዚያ ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይለፉ። ከአሜሪካ አህጉር የተጋዘው ብርና ወርቅ የአውሮፓን ዋጋ እንዳናረ ስፔናዊው የሃይማኖት ሊቅ ማርቲን ደ አስፒልኩኤታ እ.ኤ.አ. በ1556፣ ፈረንሳዊው አሳቢ ዣን ቦዳን በ1568 ጽፈዋል፤ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምም በ1752 አስፋፍቶታል። አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይዘዋወሩበት የነበረውን የአልዩ አምባን ገበያ ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

ረጅሙን ጊዜ ግን ለአሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ለኢርቪንግ ፊሸር የ1911 እኩልታ ይስጡ፦ የገንዘብ መጠን በዝውውር ፍጥነቱ ሲባዛ፣ የዋጋ ደረጃ በግብይት ብዛት ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። አንዲት የመቶ ብር ኖት ከጠዋት እስከ ማታ በአምስት ግብይት ብትከፈል የ500 ብር ሥራ ሠርታለች፤ ሣጥን ውስጥ ብትከርም ግን ምንም አልሠራችም። እኩልታው በራሱ የሚያረጋግጠው ነገር የለም፤ ክርክሩ ሁሉ ፍጥነቱ ይተነበያል ወይስ አይተነበይም የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ የገንዘብ ፍላጎት (ሰው ሳያወጣ በእጁ ሊይዝ የሚሻው የገንዘብ መጠን) በቀላሉ ይዋዥቃል ሲል፣ ፍሪድማን በ1956 በአመዛኙ የተረጋጋ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1963 ከአና ሽዋርትዝ ጋር ባሳተመው ሥራ ደግሞ ከ1929 እስከ 1933 የአሜሪካ የገንዘብ መጠን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱንና ማዕከላዊ ባንኩ ይህን አለመከላከሉ ቀውሱን እንዳባባሰው አሳየ። ጊዜ ካጠረዎት ሌላውን ዘልለው ይህን ክፍል ያንብቡ።

የሞኒታሪዝምን መውረጃ በአጭሩ ማየት ይበቃል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር በ1979 የገንዘብ ዕድገትን መቆጣጠር ጀመረ፤ ንረቱ በከባድ የሥራ አጥነት ዋጋ ወረደ፤ የዝውውር ፍጥነቱ ግን በ1980ዎቹ አልጨበጥ አለ፤ ማዕከላዊ ባንኮችም ፊታቸውን ወደ ወለድ መጠን አዞሩ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደዚሁ ሥርዓት የተሸጋገረው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ የፖሊሲ ወለዱን (ባንኩ ራሱ የሚወስነውን መነሻ ወለድ) 15 በመቶ ብሎ ጀምሯል። የባንኩን መግለጫ ሲያነቡ የወለዱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የገንዘብ አቅርቦቱን ዕድገትም አብረው ይመዝግቡ።