የሮማ ጠቢባንን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስልኬ ላይ አንድ ጥቅስ ደረሰኝ። «የምንሰማው ሁሉ አስተያየት እንጂ ሐቅ አይደለም፤ የምናየውም ሁሉ በአንድ በኩል የታየ እንጂ እውነቱ አይደለም» ይላል። ከሥሩ የሮማው ንጉሠ ነገሥትና ፈላስፋ የማርቆስ አውሬሊዮስ ስም ተጽፏል። ወደድኩት፤ ለወዳጆቼም አስተላለፍኩት። በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን 12 መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ያ ቃል የለም። ከዚያ ወዲህ በሮማውያን ስም የሚመጣልኝን ቃል ሁሉ ምንጩን እፈልጋለሁ። ፍለጋው ያሳየኝ ግን ከሐሰተኛው ጥቅስ ይልቅ የሚጎዳ ነገር መኖሩን ነው። እውነተኛውን ቃል ማን ለማን፣ መቼ እንደተናገረው ሳያውቁ መሸከም ይብሳል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቅሱን ለቅሞ መጽሐፉን መተው

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች 124ቱ እጃችን ላይ አሉ። በመጀመሪያዎቹ መጨረሻ ላይ አንዳንድ አባባል እንደ ምርቃት ይጨምርለት ነበር፤ ብዙዎቹንም የወሰደው ከተቀናቃኙ የፍልስፍና ወገን መሪ፣ ከግሪካዊው ኤፊቆሮስ ነው። ምርቃቱ ሲቀር ሉሲሊየስ እንዲቀጥልለት ለመነው። 33ኛው ደብዳቤ የዚህ ልመና መልስ ነው፤ መልሱም እምቢታ ነው። አባባል በቃል ማስጠናት ለልጆች ነው ይላል፤ የልጅ አእምሮ የሚይዘው ያንን ያህል ነውና። ለጎልማሳ ግን አበባ ሲቀጥፍ መገኘት ነውር ነው። የታላላቆቹን አእምሮ ከላይ ከላይ ቀምሼ አውቀዋለሁ የሚለውን ተስፋ ተወው፣ ሙሉውን አገላብጠህ መርምረው ይለዋል። ከዚያም የራሱን ወገን መሥራች እየጠቀሰ «ዜኖን እንዲህ ብሏል» እያለ ለሚኖር ሰው አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «አንተስ?»

ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደነገጥኩ። ቁርጥራጭ አትልቀሙ ብሎ የጻፈው ሰው ዛሬ በቁርጥራጭ ነው የሚዞረው። አባባል መውደድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው አንጋረ ፈላስፋ የጠቢባን ቃል የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው፤ አባባሎቹ አንድ በአንድ እንዲነበቡ ሆነው ተቀምጠዋል። የሴኔካ ደብዳቤ ግን እንደዚያ አልተሠራም። ሐሳብ ያነሣል፣ ራሱን ይሞግታል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ ያላሰብነው ቦታ ይደርሳል። ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣ ሰው ሴኔካ ሊያፈርሰው ያነሣውን ሐሳብ የሴኔካ እምነት ብሎ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በቀን አሥር ጥቅስ ከማንበብ በሳምንት አንድ ደብዳቤ መጨረስ ይሻላል።

ግማሹን ወይም ግልባጩን መያዝ

«የምንማረው ለትምህርት ቤት ሳይሆን ለሕይወት ነው» የሚለው ቃል በሴኔካ ስም ይጠቀሳል። በ106ኛው ደብዳቤ ላይ ያለው ግን ተቃራኒው ነው፤ «የምንማረው ለሕይወት ሳይሆን ለትምህርት ቤት ነው» ብሎ ያማርራል። ሰዎች ቅሬታውን ገልብጠው መፈክር አደረጉት። መፈክሩ ደስ ይላል፤ ቅሬታው ግን ከእሱ በላይ ይነካል፤ ከ1,900 ዓመታት በኋላም የተማሪን ፊት የሚያሳይ መስታወት ነው።

«ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል» የሚለውም በስፖርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሌላ ነገር ይሆናል። ሮማዊው ገጣሚ ጁቬናል በ10ኛው ቅኔው የሚያወራው ስለ ስፖርት ሳይሆን ስለ ጸሎት ነው። ሰው ሀብት፣ ሥልጣን፣ አንደበት፣ ረጅም ዕድሜ፣ ቁንጅና ይለምናል፤ ያገኘው ነገር ራሱ ያጠፋዋል። የንጉሡ ቀኝ እጅ የነበረው ሴያኑስ ሲወድቅ የነሐስ ሐውልቱ ቀልጦ ማሰሮና መጥበሻ ሆነ። ታዲያ ምን እንለምን? መለመናችን ካልቀረ፣ ይላል ጁቬናል፣ በጤናማ አካል ውስጥ ጤናማ አእምሮን፣ ሞትንም የማይፈራ ብርቱ ልብን እንለምን። ይህ በብዙ ፍርስራሽ መካከል አልፎ የመጣ ጸሎት ነው።

የሮማው ፖለቲከኛና አንደበተ ርቱዕ ሲሴሮም «ማንም ሰው ይሳሳታል» ብቻ ብሎ አላቆመም። «በስህተቱ የሚጸናው ግን ሞኝ ብቻ ነው» ብሎ ጨርሶታል። ይህን የተናገረው በ43 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሮማ ሸንጎ ፊት ነው፤ ወደ ጦር አዛዡ ወደ አንቶኒዮስ ከሚሄዱት የሰላም መልእክተኞች አንዱ ሊሆን ተስማምቶ የነበረበትን ሐሳብ ሲለውጥ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ውስጥ የአንቶኒዮስ ሰዎች ገደሉት፤ ራሱና እጆቹ እሱ በተናገረበት መድረክ ላይ ተሰቀሉ። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የሚጠቅስ ሰው ቃሉን ማመካኛ ያደርገዋል፤ ሲሴሮ ግን ስህተቱን በአደባባይ የማረም ድፍረት አድርጎት ነበር።

ገጸ ባሕርዩን ደራሲው አድርጎ ማየት

«ሰው ነኝ፤ የሰው የሆነ ነገር ሁሉ ይመለከተኛል።» ይህ የሮማዊው የቴአትር ደራሲ የቴሬንስ ቃል ነው። ቴሬንስ በካርታጎ ተወልዶ በባርነት ወደ ሮማ እንደመጣ፣ በችሎታውም ነፃ እንደወጣ ይነገራል። በዚህ ምክንያት ቃሉ የነፃነት አዋጅ ይመስለናል። በ163 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቀረበው ቴአትር ግን ይህን የሚለው ክሬሜስ የተባለ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ከማለዳ እስከ ማታ እርሻው ላይ ራሱን ሲያሠቃይ አይቶ ለምን ብሎ ይጠይቀዋል፤ ያኛውም «የራስህን ጉዳይ ጨርሰህ ነው የሰው ጉዳይ የምትገባ?» ሲለው ነው ክሬሜስ በዚህ ቃል የሚመልሰው። በኋላ ደግሞ በገዛ ቤቱ የሚሆነውን የማያውቅ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ቃሉ ከንቱ ነው? አይደለም። ሴኔካ ራሱ በ95ኛው ደብዳቤው በሙሉ ልብ ጠቅሶታል። ለእኔ እንዲያውም ከተናጋሪው ጋር ሳየው ይበልጥ ይከብደኛል፤ የሰው ጉዳይ ይመለከተኛል ማለትና የራስን ቤት ማየት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያልና።

ኢስጦኢክ ማለት ልበ ደንዳና ማለት ነው ብሎ ማሰብ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ኢስጦኢኮች የነሴኔካ የፍልስፍና ወገን ናቸው። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው «አታልቅስ፣ አይሰማህ፣ ጠንክር» ለማለት ነው፤ በተለይ ለወጣት ወንዶች እንዲህ ተደርጎ ይቀርባል። በዚህ ስህተት ከሌሎቹ ይበልጥ እቆጫለሁ፤ ሐዘን ላይ ያለን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲያገለግል አይቻለሁና።

ሉሲሊየስ ወዳጁ ፍላኩስ ሲሞትበት ሴኔካ የጻፈለት 63ኛው ደብዳቤ ዓይኖችህ አይድረቁ፣ ጎርፍም አይሁኑ ይላል፤ አልቅስ፣ ዋይታ ግን አታብዛ። ይህን መክሮ ሲያበቃ ስለ ራሱ ይናገራል። እኔ ይህን የምጽፍልህ፣ ይላል፣ ለምወደው ለሴሬኑስ ያለ ልክ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ ሳልወድ በሐዘን ከተሸነፉት ሰዎች ምሳሌ ሆኛለሁ። ይህን መስመር ያነበበ ሰው እንደገና በሴኔካ ስም ልቅሶን ሊከለክል እንዴት ይችላል? ስለ ወጣቱ ማርቆስ አውሬሊዮስም ተመሳሳይ ነገር ይተረካል። አሳዳጊው ሞቶበት ሲያለቅስ የቤተ መንግሥት ሰዎች ሊያስቆሙት ቢሞክሩ፣ ንጉሠ ነገሥት አንቶኒኖስ «ሰው ይሁን ተዉት፤ ፍልስፍናም ሆነ ዙፋን ፍቅርን አያጠፋም» አላቸው ይባላል።

ማርቆስን በሚመለከት አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በጽሑፉ ውስጥ «አንተ» ሲል እኛን እየገሠጸ አይደለም፤ ራሱን ነው። በግሪክኛ፣ ለራሱ፣ በከፊልም በዳኑብ አካባቢ በጦር ሰፈር ሆኖ የያዘው ማስታወሻ ነው። ማለዳ ከአልጋ መነሣት ሲከብድህ ብሎ የሚጀምረው ክፍል የሮማ ንጉሠ ነገሥት የራሱን ብርድ ልብስ ሲታገል ነው።

በሀብቱ ምክንያት ሴኔካን መጣል፣ ወይም ሀብቱን መደበቅ

ሴኔካ የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮን አስተማሪና አማካሪ፣ እጅግ ባለጸጋም ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደጻፈው አንድ ከሳሽ በ4 ዓመት የንጉሥ ወዳጅነት 300 ሚሊዮን ሴስተርስ (የሮማ ገንዘብ) ያካበተው በየትኛው ጥበብ ነው ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሴኔካም ክሱን ያውቀዋል፤ ስለ ደስተኛ ሕይወት ለታላቅ ወንድሙ ለጋልዮስ ሲጽፍ «የምትናገረው ሌላ፣ የምትኖረው ሌላ» የሚለውን ወቀሳ ራሱ አንሥቶ ይመልሳል። የምናገረው ስለ በጎነት እንጂ ስለ ራሴ አይደለም፤ ክፋትን ስነቅፍ ከሁሉ በፊት የምነቅፈው የራሴን ነው ይላል። (ጋልዮስ በሐዋርያት ሥራ 18 ጳውሎስ በቆሮንቶስ የቀረበበት ያው አገረ ገዥ ነው።) መልሱ ሁሉንም አያረካም፤ እኔንም ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ቢሆንም መዝገቡን ሁለቱንም ገጽ ማንበብ ይገባል፤ በ65 ዓ.ም. በኔሮን ትእዛዝ ራሱን ያጠፋው ይኸው ሰው ነው።

የሆራስን «ቀኑን ልቀመው» ለጭፈራ ማዋል

ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ «ልቀመው» ያለበት የላቲን ግስ ለፍሬና ለአበባ መልቀም የሚውል ነው። ቡና ሲቀላ እንደሚለቀም ማለት ነው፤ ካለፈ ይረግፋል። በዚያው መስመር አጠገብ ሆራስ ረጅም ተስፋህን ለአጭሩ ጊዜ እንዲመጠን አድርገህ ቁረጠው ይላል። ይህ የስካር ምክር አይደለም።

ባርነቱን ዘሎ ማንበብ

የመጨረሻው ስህተት ስለ ነፃነት የጻፉትን ሰዎች በባሮች መካከል እንደኖሩ መርሳት ነው። ሴኔካ በ47ኛው ደብዳቤ «ባሮች ናቸው» ለሚል ሰው «ሰዎች ናቸው» ብሎ ይመልሳል፤ አብረዋቸው እንዲበሉም ይመክራል። ባርነት ይቅር ግን አላለም። ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ በኋላ ኤፒክቴተስን አንሡ። እሱ የኔሮን ጸሐፊ የነበረው የኤጳፍሮዲቶስ ባሪያ ነበር። ራሱ አንድም መስመር አልጻፈም፤ ያስተማረውን የመዘገበው ተማሪው አርያን ነው። ከተረፉት 4 መጻሕፍት የመጨረሻው በረጅም ትምህርት ይከፈታል፤ ርእሱ ነፃነት ነው። በዚያ ውስጥ አንድ ባሪያ ነፃ በወጣሁ እያለ ይመኛል፤ ይወጣልም። የሚበላበት ቤት ግን አያገኝም፤ ለእንጀራ ሲል ሌላ ጌታ ያሞግሳል፣ ሹመት ያሳድዳል፣ በመጨረሻ የሸንጎ አባል ይሆናል። ኤፒክቴተስ ያን ጊዜ የሚገባበትን ባርነት ከሁሉም ያማረና የለሰለሰ ይለዋል።