ሐተታውን ከአዋጁ ጋር አንብቡት

እሑድ ረፋድ አራት ኪሎ ሪፖርተርን ገዝታችሁ የፖለቲካ ሐተታ የምታነቡ ከሆነ፣ ጸሐፊው የሚጠቅሰውን አዋጅ ራሱን ከነጋሪት ጋዜጣ አውጥታችሁ ጎን ለጎን እንድታዩት እመክራለሁ። ለምሳሌ ስለ ፕሬስ ነፃነት ሲጻፍ ደጋግሞ የሚነሣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ተንታኙ የሚከራከረው በነባሩ ወይስ በተሻሻለው ላይ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በነጋሪት ጋዜጣው በግራው ዓምድ አማርኛው፣ በቀኙ እንግሊዝኛው ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እኔ በእርሳስ የማሰምረው «ይችላል» እና «አለበት» በሚሉት ቃላት ሥር ነው፤ አንዳንድ ተንታኞች፣ ሆን ብለውም ይመስለኛል፣ አንዱን በሌላው ይተካሉ። የጉዳዩን የኋላ ታሪክ ለሚፈልግ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን አለ፤ የቆዩ ጋዜጦችን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ መጠየቅ ነው።