ቱርቦ ከመቀየራችሁ በፊት የግፊት መቆጣጠሪያውን እንዲህ ፈትሹ

መኪናው ዳገት ላይ አልጎትት ሲል ብዙ ሰው «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ቱርቦ ፍለጋ። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ግፊቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱ ከአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ላይ ሊገኝ ይችላል።

አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቱርቦ የሚያሽከረክረው የሞተሩ የጭስ ጋዝ ነው። ጋዙ ሲበዛ ቱርቦው ይፈጥናል፤ ብዙ አየር ሲገባ ደግሞ ጋዙ ይብሳል። ስለዚህ ልጓም ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ልጓሙ ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር ነው፤ ግፊቱ ሲሞላ ተከፍቶ ጋዙን በጎን ያሳልፋል። በብዙ አዳዲስ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን በር የለም። በቱርቦው ውስጥ ጋዙ በሚያሽከረክረው ጎማ ዙሪያ ያሉ ክንፎች ክፍተታቸውን እያጠበቡና እያሰፉ የጋዙን ፍጥነት ይወስናሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ።

ቀጥሎ የግፊት ሴንሰሩን እንይ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ የኦቢዲ መሣሪያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ) ሰኩ፤ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና የማኒፎልድ ግፊቱን (አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ያለውን) አንብቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ንባቡ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። 100 ካለ የባሕር ዳርቻ አየር ነው የሚያነበው፤ ሴንሰሩን ተጠራጠሩ።

ከዚያ ሞተሩ ሲበርድ ቱቦዎቹን ፈትሹ። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ወፍራም ቱቦዎች መገጣጠሚያቸው ላይ በዘይት ከረጠቡ አየር እያመለጠ ሊሆን ይችላል። ቀጭኖቹን በሁለት ጣት አጠፍ አድርጓቸው፤ ስንጥቅ ቱቦው ቀጥ ሲል ይደበቃል፣ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በግፊት የሚከፈት ዌስትጌት ቀጭን ቱቦው ከተቀደደ መልእክቱ አይደርሰውም፤ በሩ ተዘግቶ ይቀራል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ክንፎቹ በቫኪዩም (አየር ተመጥጦ በሚፈጠር ስበት) የሚሳቡ ከሆነ ግን ያው ቀዳዳ መኪናውን ጉልበት ያሳጣዋል። አንድ ዓይነት ብልሽት፣ ተቃራኒ ምልክት።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ አክቹዌተሩን (በሩን ወይም ክንፎቹን በዘንግ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል) በእጅ ፓምፕ ሞክሩ፤ በግፊት የሚሠራውን በግፊት፣ በቫኪዩም የሚሠራውን በቫኪዩም። ዘንጉ የመኪናው ማንዋል በሚለው ልክ መንቀሳቀስ ይጀምር። ፓምፑን አቁማችሁ ጠብቁ፤ የጌጁ ቀስት ከወረደ ውስጡ ያለው ዲያፍራም (ቀጭኑ ሽፋን) ተቀዷል። የጋራዥ ኮምፕረሰር በቀጥታ አትስጡት፣ ደህናውን ይቀደዋል።

«የአክቹዌተሩን ዘንግ ትንሽ እናሳጥረው፣ ጉልበት ይጨምራል» የሚል ካለ እባካችሁ እምቢ በሉ። እውነት ነው፣ ግፊቱ ይጨምራል። ግን እዚህ ቱርቦው ድሮም ከአቅሙ ጋር እየታገለ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ከ1.01 ባር ተነስቶ 1.8 ለመድረስ አየሩን 1.8 እጥፍ ገደማ ይጨምቃል። አዲስ አበባ ላይ የሚነሳው ከ0.76 ባር (ያው 76 ኪሎፓስካል) ስለሆነ እዚያው ለመድረስ 2.4 እጥፍ ያህል ይፈልጋል። ያ ማለት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ሙቀት ነው። ትርፉ የቱርቦውን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

በመጨረሻ መንገድ ላይ ፈትኑት። እሁድ በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ውጡ። እናንተ ንዱ፤ ስልኩን አብሯችሁ ያለው ሰው ያንብብ። ግፊቱ ወጥቶ ከረጋ ደህና ነው። ሽቅብ ተወርውሮ ድንገት ከወደቀ ልጓሙ አልያዘም፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ነዳጅ ቀንሷል ማለት ነው። ቀስ እያለ ከወጣና ካልሞላ ወይ አየር ያመልጣል፣ ወይ ክንፎቹ በጥላሸት ተጣብቀዋል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፣ ያኔ የአየር መግቢያውን ቱቦ ፈቱና አየር የሚጨምቀውን የቱርቦውን ጎማ ዘንግ በጣታችሁ ያዙ። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ጤናማ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ከተሰማችሁ ወይም የዚያ ጎማ ክንፎች ጠርዝ ግድግዳውን ከፋቀ ግን፣ አዎ፣ ቱርቦው ይቀየር።