ሕመም የማይለቃት የቤት ጥንቸል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ጥንቸል ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ ናት። በዱር የደከመ ሁሉ የአዳኝ ሲሳይ ስለሚሆን ጤነኛ መስሎ መቀመጥ ተፈጥሮዋ ነው፤ ባለቤቷ «ታመመች» ብሎ በሚያውቅበት ሰዓት ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀናት አስቆጥሯል። እዚህ ደሴ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ውሏቸው ከከብት፣ ከበግና ከዶሮ ጋር በመሆኑ፣ ጥንቸል ታቅፎ የሚሄድ ሰው ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየና ምን እንዳበላ በትክክል መናገር ካልቻለ ሐኪሙም በግምት ለመሥራት ይገደዳል። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ሕመም አንድ ጊዜ መጥቶ ለሄደላት ሳይሆን ለተመላለሰባት ጥንቸል ነው። እኔም የመንጋጋ ጥርሷ የተበላሸ ጥንቸል ከአራት ዓመት በላይ አስታምሜያለሁ፤ ከዚያ ሁሉ የተማርኩት ምልክቱ የትም ቢታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድርቆሹ መሆኑን ነው። ከምትበላው ውስጥ 80 ከመቶ ያህሉ ድርቆሽ ወይም ሣር ካልሆነ የሚከተሉት መፍትሔዎች ሁሉ ለጊዜው ብቻ ይሠራሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተርና አንድ ሚዛን ያስፈልጋሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንቸሌን በካርቶን አድርጌ ሰፈራችን ካለው ሱቅ እሄድና ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን አስመዝናታለሁ፤ ባለሱቁ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ አሁን ግን ያለፈውን ሳምንት ክብደት ከእኔ ቀድሞ ይናገራል። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል 200 ግራም ከቀነሰች ከሰውነቷ አሥር ከመቶውን አጥታለች ማለት ነው፤ በጠጉሯ ምክንያት ግን ዐይን ይህን አያየውም። በጠጧም ይታይ፦ የጤነኛዋ የሽምብራ ፍሬ ያህላል፣ ክብ ነው፣ በጣት ሲፈረፈር ውስጡ የሣር ስባሪ ይታያል። ወደ ምስር መጠን ካነሰና ከጠቆረ የምትበላው ቀንሷል፤ በጠጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ከወጣ ደግሞ ድርቆሹ አንሷታል፣ አንጀቷም እየዘገየ ነው።

አትበላም፣ በጠጥም አትጥልም

ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት የጎጆዋ ወለል ባዶ ሆኖ ካደረ «እስከ ነገ እንያት» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ አንጀቷም ሳያቋርጥ እንዲሠራ የተፈጠረ በመሆኑ ሲዘገይ ጋዝ ይሞላል፣ ጋዙ ያማታል፣ ሕመሙ ከምግብ ያርቃታል፣ አለመብላቷም አንጀቱን ይበልጥ ያዘገየዋል። መነሻው የድርቆሽ ማነስ፣ የውኃ ጥም፣ ሙቀት፣ ድንጋጤ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ሕመም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሆዷን በእርጋታ ይዳስሱ። እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ወይም ጆሮዋ ቀዝቅዞ ሰውነቷ ከላላ፣ ምንም ሳያበሉ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ አንጀቱ ተዘግቶ ከሆነ በግድ የተሰጠ ምግብ ይጎዳታል። የጤነኛ ጥንቸል የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከ38 በታች ከወረደ በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ከጎኗ አድርጎ መንገድ መጀመር ያስፈልጋል። ሆዱ ለስላሳ ከሆነና ንቁ ከሆነች ግን ድርቆሽ አድቅቀው በመፍጨትና በሞቀ ውኃ በማራስ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ መስጠት ይቻላል። መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ሲሪንጁ የሚገባው ከፊት ጥርሶቿ ኋላ በአፏ ጎን ነው፤ እየዋጠች በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል እንጂ በጀርባዋ አስተኝቶ ማጠጣት ወደ ሳንባዋ ያስገባባታል። ለሰው የተሠራ ማስታገሻ በግምት አይሰጥ፤ ለጥንቸል የሚሆነውን ሐኪሙ ያዛል።

ይህ ችግር በየወሩ የሚመለስ ከሆነ ራሱ በሽታው ሳይሆን የሌላ በሽታ ውጤት ነው፤ በእኔ ልምድ ቀጥሎ መታየት ያለበት አፏ ነው።

ወደ ምግቡ ትቀርባለች፣ ግን ትታው ትመለሳለች

የጥንቸል 28 ጥርሶች በሙሉ ዕድሜዋን ሁሉ ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማሉ። የሚሞርዳቸው ሣርን ወደ ጎንና ጎን እያመላለሱ ለረጅም ሰዓት ማኘክ ነው። ብዙ ሰው ደረቅ ዳቦ ጥርስ ይሞርዳል ብሎ ይሰጣል፤ ዳቦ ግን ምራቅ እንደነካው ይፈርሳል፣ ጥርሱን ሳይሞርድ አንጀቱን ያውካል። ያልተሞረደ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ ምላስ፣ የላይኛው ወደ ጉንጭ እየሾለ ይወጋል። የእኔዋ ድርቆሹን በጫፉ ትይዝና ሁለቴ አኝካ ትጥለዋለች፤ በረጠበው አገጯ ላይ የሣር ስባሪ ተለጥፎ ሲቀር ሾሉ እንደገና ማደጉን አውቃለሁ።

የአንድ ዐይን እንባ ሳያቋርጥ መፍሰስም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል፤ የእንባው ቱቦ በላይኛው የፊት ጥርስ ሥር አጠገብ ስለሚያልፍ ሥሩ ወደ ኋላ ሲረዝም ይጨፈልቀዋል። የዐይን ጠብታ ለወራት ተሰጥቶ ካልተለወጠ ጥርሱን ማስመርመር ይገባል። በመንጋጋዋ ሥር እብጠት ካገኙ አያፍርጡት፤ የጥንቸል መግል እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ በቀዳዳ ፈስሶ አያልቅም፣ በቀዶ ሕክምና መነሣት አለበት።

የተጣመመ የፊት ጥርስ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት በሞረድ ማሽን መስተካከል አለበት። በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ጥርሱን እስከ ሥሩ ይሰነጥቀዋል። የመንጋጋው ግን በማደንዘዣ የሚሠራ ነው፤ ለዚያ ቀን «ከማታ ጀምሮ ጦሟን ትደር» ከተባሉ፣ የማታስመልስ እንስሳ እንደ ውሻ መጦም እንደሌለባት በአክብሮት ያስታውሱ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው መሆኑ ለእኛ ለደሴዎች ዕድል ነው፤ ሐኪምዎ ከዚያ ባልደረባ ጋር እንዲመካከር መጠየቅ ነውር የለውም። በመሃል ባሉት ሳምንታት ድርቆሹን በመቀስ የጣት አንጓ ያህል ቆርጦ ማቅረብ በጣም ይረዳታል።

መቀመጫዋ በለስላሳ ኩስ ይለወሳል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ አይደለም። ጥንቸል ከደረቁ በጠጥ ሌላ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ታወጣለች፣ እሱንም ከመውጫው በቀጥታ ትበላዋለች፤ ከውስጡ ቪታሚንና ፕሮቲን ታገኛለች። ሳትበላው ከቀረች ወይ ፉርሽካ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ካሮት በዝቶባታል፣ ወይ ወፍራለች፣ ወይ ወገቧን አሟት ማጎንበስ አልቻለችም። ጣፋጩንና ዱቄት ነክ የሆነውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀንሰው ለሁለት ሳምንት በድርቆሽ ብቻ ያቆይዋት። መቀመጫዋን ለብ ባለ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ዝንብ በሚበዛበት ወቅት በረጠበ ጠጉር ላይ እንቁላል ከተጣለ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሥጋዋን ይጀምራል። እንደ ውኃ የቀጠነ እውነተኛ ተቅማጥ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ታስነጥሳለች፣ የፊት እግሯ ጠጉር ተጣብቋል

ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ ንፍጧን በፊት እግሮቿ ስለምትጠርግ ከእግሯ የውስጥ ጎን የተጨማደደ ጠጉር ከንፍጡ ቀድሞ ይናገራል። ዋነኛው ምክንያት ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን፣ አንዴ ከያዛት በመድኃኒት ቢቀልም ተደብቆ ይኖራል። በደሴ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መስኮት እንዘጋለን፣ ከሰል እናያይዛለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፤ ጥንቸሏም በዚያው ክፍል ጥግ ትታጠናለች። ጭንቅላትዎን እስከ ጎጆዋ ወለል ዝቅ አድርገው ይተንፍሱ፤ የሽንቷ አሞኒያ ዐይንዎን ከቆጠቆጠ እሷ ሌሊቱን ሁሉ የምትስበው እሱን ነው። ጎጆውን ከቡናው ክፍል ማውጣት፣ የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ መቀየርና አቧራማ ሰጋቱራን በድርቆሽ መተካት የማስነጠሱን ድግግሞሽ ይቀንሳሉ። ኢንሮፍሎክሳሲን የመሰሉ ለጥንቸል የሚስማሙ መድኃኒቶች በሐኪም ይታዘዛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን የሚባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በአፍ ለጥንቸል አይሰጡም፤ የአንጀቷን ጠቃሚ ተሕዋስያን ገድለው መርዝ አመንጪዎቹን ያነግሣሉ። የመጀመሪያዋ ጥንቸሌ ስታስነጥስ ከአንድ መድኃኒት ቤት የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተሰጥቶኝ አጠጣኋት፤ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት፣ በአምስተኛው ሞተች።

ሽንቷ ነጭ ወይም ቀይ ሆኗል

ጥንቸል ከምግቧ ያገኘችውን ካልሲየም እንዳለ ወደ ደሟ አስገብታ ትርፉን በሽንት ስለምታስወጣ ጥቂት ድፍርስነት የተለመደ ነው። እንደ ኖራ የወፈረና እያማጠች የምታወጣው ግን ፊኛዋ ውስጥ አሸዋ መከማቸቱን ያመለክታል፤ አልፋልፋና ጎመን ይቀነስ፣ ውኃ ከጠርሙስ ይልቅ በሰፊ ጣባ ይቅረብ፣ ቅጠሉም እንደ ረጠበ ይሰጣት። ቀይ ሽንት ከቅጠል ቀለም ሊመጣ ይችላል፤ በነጠብጣብ ወይም በረጋ ደም መልክ ከመጣ፣ በተለይ ማሕፀኗ ባልወጣ ያረጀች ሴት ጥንቸል ላይ፣ የማሕፀን ዕጢ ስለሚጠረጠር ምርመራ ያሻዋል።

አንገቷ ወደ ጎን ተጣሟል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ወይ የውስጥ ጆሮ ቁስለት ወይ አንጎልና ኩላሊትን የሚያጠቃ ኤንሴፋሊቶዞን የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ ነው። ለሁለተኛው የተለመደው ሕክምና ፌንቤንዳዞል የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ በአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ28 ቀናት ይሰጣል፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ በክብደቷ ያስላ። የምትንከባለል ከሆነ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ዙሪያዋን በተጠቀለለ ፎጣ ይደግፏት፣ ምግቡንም ከአፏ ሥር ያኑሩ። አንገቷ እንደ ተጣመመ ቀርቶ ለዓመታት በደስታ የምትኖር ጥንቸል ጥቂት አይደለችም። ሽንቷን ሲያጸዱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ደግሞ ሥራውን ለሌላ ይተው።

የኋላ እግሯ መርገጫ ቆስሎ ከሆነ ወለሉ ሽቦ ነው፣ ወይም እርጥብ ነው፣ ወይም ጥፍሯ ረዝሟል፤ ወፍራም ደረቅ ጉዝጓዝ ካልተነጠፈ ቅባቱ ብቻውን አያድነውም።

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ

ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአየር ጠባይ መለወጥ ነው። ጥንቸል ላብ አይወጣትም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በአብዛኛው በጆሮዎቿ ነው፣ ከ28 ዲግሪ በላይም ትቸገራለች። ሕመምተኛዋን በግንቦትና በሰኔ በማለዳ ያጓጉዟት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ከጎኗ ያኑሩላት። አፏን ከፍታ ብታለከልክ ጆሮዎቿን በቀዝቃዛ ጨርቅ ያርጥቡ እንጂ ሰውነቷን ውኃ ውስጥ አይንከሩ። ድርቆሿንም ከደሴ ይዘው ይውረዱ፤ ያልለመደችው ሣር በአንድ ጊዜ ሆዷን ያውካል፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚደርስበት በቦርከና ወንዝ ዳር የታጨደውንስ ጨርሶ አይስጧት።